ከሳሪስ ስታዲየም ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። አሜሪካ፣ ቦስተን አካባቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሌሊት ደወለልኝ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ሰማህ አይደል? ግብጽን እኮ ሁለት ለዜሮ ሸኘናት!» አለኝ።

ሰምቻለሁ። አገሩ በሙሉ ሰምቷል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ግቦች የሳሪስ ካፌዎች ደጋግመው ሲያሳዩ ነው ያመሹት።

«በል እንግዲህ» አለኝ፣ «ለጥር ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ጥምቀትን አክብረን፣ ከዚያ ስታዲየም ገብተን አንድ ጨዋታ እናያለን። ትልቁ ልጅ ‹ግብጽን ያሸነፍንበትን ሜዳ ካላየሁ› ብሎ አስቸግሮኛል። ፕሮግራሙን አንተ አውጣው። የምናርፈው ሳሪስ እናንተ ጋ ነው።»

እሺ አልኩት። መቼም ከሳሪስ ስታዲየም መሄድ ፕሮግራም የሚወጣለት ነገር ሆኖ አይደለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ልጁ የጠየቀው ሜዳ የት ነው? በሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ግብጽን ያሸነፈችው በሜዳዋ ነው፤ መዝገቡ እንደዚያ ይላል፤ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኢንተርኔት ላይ «በሜዳዋ» የሚል ሲያነብ፣ ሜዳዋ አገሯ ውስጥ ነው ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል?

እናላችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእነዚህ እንግዶች ጉዞ ሳቅድ የራሳችንን ቤት ታሪክ መበርበር ጀመርኩ።

እኔ ባደግሁበት ዘመን ከሳሪስ ስታዲየም መሄድ የሳምንት ዕቅድ ነበር። ሰኞ ወሬው ይጀመራል። ማን ከማን ይጫወታል፣ ማን ተጎድቷል፣ ማን ቅጣት አለበት። ማክሰኞና ረቡዕ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለእናት ይላላካሉ፣ የተረፈ ሳንቲም ይደብቃሉ፣ ጠርሙስ ይሸጣሉ። ሐሙስ የጉዞ ስብሰባ ይቀመጣል። ለመጓጓዣ ይከፈል ወይስ በእግር ተሂዶ ገንዘቡ ለቆሎ ይዋል? ቆሎ ያሸንፋል፤ ሁልጊዜ ቆሎ ነው የሚያሸንፈው። እሑድ ምሳ ከመድረሱ በፊት የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘን መውረድ ነው። አደይ አበባ ፋብሪካን ማለፍ፣ ንፋስ ስልክ፣ ጎተራ፣ ላንቻ፣ ሪቼ፣ መሿለኪያ። መሿለኪያ ስንደርስ ጩኸቱ ይሰማል። ጩኸቱ ሲሰማ እግር ራሱ ይሮጣል።

ኪሱ ደህና የሆነ ሰው ውይይት ተሳፍሮ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እስከ ስታዲየም እየተከራከረ ይሄዳል። ውይይት ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። የእሑድ ውይይት ላይ ያልተሻረ አሰልጣኝ የለም።

ስታዲየሙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ከተማ አለ። ክቡር ትሪቡን ለባለሥልጣንና ለክቡር እንግዳ ነው። ጥላ ፎቅ ፀሐይና ዝናብ እንዳይነካው ለሚከፍል ነው። ከማን አንሼ የሚባለው ደግሞ ስሙ ራሱ የሚናገር ነው፤ ጥላ ፎቅ አቅሙ ያልፈቀደለት፣ ሆኖም ከድሃ ተራ ላለመቀመጥ የሚግደረደር ሰው ቦታ። ከዚያ ሚስማር ተራ አለ፣ ዳፍ ትራክ አለ፣ ካታንጋ አለ። ካታንጋ በኮንጎ የመገንጠል ጦርነት የተነሣባት፣ ጠቅል ብርጌድን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ጦር የዘመተባት ምድር ናት። የእኛ ካታንጋ ደግሞ ዘፈን የሚወጣባት፣ ዳኛ የሚረገምባት፣ ተጫዋች በአንድ ቀን የሚነግሥባትና የሚሻርባት ተራ ናት። የአዲስ አበባን ሕዝብ የኑሮ ደረጃ ማጥናት የፈለገ ሰው ቤት ለቤት መዞር አያስፈልገውም ነበር። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው መሀል ቆሞ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ማየት ይበቃዋል።

አባቴ ስለዚህ ስታዲየም ሲያወራ ከአንድ ቀን አያልፍም ነበር። ከጥር 13 ቀን 1954።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1957 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ግብጽ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። የምትገጥመው ኢትዮጵያን ስለነበረ፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። ፍጻሜውን በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ እንደገና በግብጽ 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈች። እስቲ ደምሩት። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ዘጠኝ ግብ ተቆጥሮባታል፤ ያገባችው ግን አንድም የለም።

ሦስተኛውን ዋንጫ አዲስ አበባ ስታስተናግድ የነበረው ታሪክ ይህ ነው። ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነው። ተወዳዳሪዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብጽ (በጊዜው የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ የምትባለው)፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብጽ ዩጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ፍጻሜው ለእሑድ ተቀጠረ። ያ እሑድ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ከሚካኤል ማግሥት ነው። ከተማው ገና ከታቦት ሽኝት መመለሱ ነው፤ ጉሮሮው ተሟሽቷል።

ቴሌቪዥን የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው በ1957 ዓ.ም. ነው። ማየት የፈለገ ሰው መሄድ ነበረበት። አባቴ የዚያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ከሳሪስ በእግሩ ሄደ።

በ35ኛው ደቂቃ ግብጻዊው ባዳዊ አገባ። እንዲሁ እንዳለ ዕረፍት ወጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ጭብጨባው ሳይበርድ፣ በደቂቃ ውስጥ፣ ባዳዊ ደገመ። ከዚህ በኋላ ብዙ ቡድን ይሞታል። ይሄኛው አልሞተም። ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር እንደገና አቻ ሆነ፤ ሁለት ለሁለት። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ቫሳሎዎቹ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ላይ የተወለዱ ናቸው። ሉቺያኖ በድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ተጫውቷል። መንግሥቱ የጊዮርጊስ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ አሥመራ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ተቀላቅለው ነበር ማለት ነው። ሉቺያኖ ከአብዮቱ በኋላ ኢጣሊያ ገብቶ ኖረ፣ እዚያው በ2022 እ.ኤ.አ. አረፈ። ያቺ ዋንጫ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ ያገኘቻት ብቸኛዋ የአፍሪካ ዋንጫ ናት።

አባቴ ይህንን ሁሉ ሲተርክ እያንዳንዷን ግብ በየቦታዋ ያስቀምጣታል። ግርማ እንዴት እንደዞረ፣ መንግሥቱ ኳሷን በየት በኩል እንደላካት። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። «የት ተቀምጠህ ነው ያየኸው? ካታንጋ ነው ሚስማር ተራ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ያኔ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም» ብሎ ያልፈኛል።

ከዚያ ቡድን በስተጀርባ ያለውን ሰው ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ይድነቃቸው ተሰማ። የዘፋኙ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በታህሳስ 1928፣ የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሰ ሳለ፣ አራዳ ላይ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ከነፃነት በኋላ የአርመኖቹን አራራት፣ የግሪኮቹን ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹን ፎርቲቱዶ እየገጠመ ያደገ ትውልድ ነው። ለዚያ ትውልድ ኳስ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የአገሩ ልጅ በገዛ አገሩ ሜዳ ከማንም እንደማያንስ የሚያሳይበት ቦታ ነበር።

ይድነቃቸው የ1954ቱን ቡድን አሰለጠነ። በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መራ። የዘር መድልዎዋን ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ለማስወጣት የታገለው እሱ ነው። የ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድም ቋሚ ቦታ ባለመስጠቱ አህጉሩ በሙሉ ውድድሩን ሲያድም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። ካርቱም ላይ በ1957 የተጀመረው የዘር ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ስታዲየሙ ከ1954 በኋላ ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዷል። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈች፤ ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የፍጻሜው ቀን ጥር 12 ነበር፤ ፈረንጆቹ ሲቆጥሩት ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ ስድስት ዓመት። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው፣ ስታዲየሙም ስማቸውን ጥሎ፣ ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ይዛ ሄደች። በደርግ ዘመን ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱ ሲደራጁ ጊዮርጊስም የቢራ ፋብሪካ ቡድን ሆኖ ነበር። ደጋፊው ግን በልቡ ስሙን አልቀየረም።

የእኔ ቀን የመጣው በታህሳስ 1980 ነው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ይድነቃቸው ከሞተ አራት ወር ቢሆነው ነው። ኢትዮጵያ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ተጋጣሚዋ ዚምባብዌ ናት።

አባቴ በዚያ ሳምንት ምንም አላለኝም። እሑድ ጠዋት ግን «ተነሥ፣ ጫማህን አጥብቀህ እሰር» አለኝ። በእግራችን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ሌላ ሰልፍ ወልዷል። አባቴ እንደምንም ገፍቶ ትኬት ይዞ መጣ። አንድ ትኬት ነው። ሁለት የሚገዛ ገንዘብ እንዳልነበረው አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አልጠየቅሁም። ለሰፈራችን ጎረምሶች አስረከበኝና፣ «አንተ ግባ። እኔ ከዚህ ሆኜ እከታተላለሁ። ልምድ አለኝ» አለኝ።

ልምድ አለኝ ያለው ነገር አልገባኝም። ልጅ አይደለሁ? ገባሁ። አንድ ለአንድ ሆነው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ያስተላለፈውን የዚያን ቀን ጨዋታ ዛሬም ድረስ በድምፁ የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው። እኔ አጠገቤ ያለውን ሰው ጩኸት እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁም። አሸነፍን። የማላውቀው ሰው ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ ሌላ የማላውቀው ሰው አለቀሰብኝ።

ስወጣ አባቴ ከተለየሁት ቦታ አልተነቃነቀም። ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። የትኛው ምት እንደገባ፣ የትኛው እንደሳተ፣ በቅደም ተከተል ነገረኝ። «ከየት አወቅህ?» አልኩት። «ጆሮ የለኝም እንዴ?» አለኝ። እየተሳሳቅን ሳሪስ ገባን።

ከዚያ በኋላ በዚህ ስታዲየም ብዙ አየሁ። የቡናንና የጊዮርጊስን እሑዶች፣ ቡና በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣበትን ዓመት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበትን ቀን። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሲያገቡ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ያየሁት ሁሉ ተመለሰ፤ ማታ መስቀል አደባባይ ሰው በሰው ላይ ነበር። አባቴ ያንን ቀን አላየም። በ2001 ዓ.ም. ዐርፏል።

ታዲያ ነገር ሁሉ ሲመቻች ሌላው ይጎድላል። መስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከቃሊቲ የሚነሣው መስመር በሳሪስ አለፈ። ከደጃችን ተሳፍሮ «ስታዲየም» የሚል ጣቢያ ላይ መውረድ! ያ የሐሙስ ስብሰባችን፣ ያ የቆሎና የመጓጓዣ ክርክር፣ በአንድ ትኬት አለቀ። ብዙ ሳይቆይ ግን ጨዋታው ሄደ። ከኮሮና ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። ካፍ የስታዲየም መስፈርቱን ሲያጠብቅ፣ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደው የአዲስ አበባ ስታዲየም አያሟላም ተባለ። ባሕር ዳርም ተከተለ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ከዚያ ሊሎንግዌ መጣች።

ካፍን መርገም ቀላል ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ዝናብ ሲመጣ ጋዜጣውን ራሳችን ላይ አድርገን ያየንባቸው ዓመታት ለትዝታ ያምራሉ እንጂ ለተመልካች ክብር አይደሉም። ወንበር፣ መጸዳጃ፣ መብራት፣ የመልበሻ ክፍል መጠየቅ ጥጋብ አይደለም። ከካፍ መሥራቾች አንዷ የሆነች አገር ካፍ ያወጣውን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ሜዳ ስታጣ፣ ጥያቄው ለካፍ ሳይሆን ለራሷ ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህንን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ስለ ፌንዌይ ፓርክ አነሣብኝ። ልጆቹን በየበጋው ቤዝቦል የሚያሳያቸው እዚያ ነው። ፌንዌይ የተከፈተው በሚያዝያ 1904 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ታይታኒክ በሰጠመች ሳምንት፣ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ። ዛሬም ጨዋታ ይካሄድበታል። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ የእንጨት ወንበሮች አሉት፤ ረጅም ሰው ጉልበቱ ያመዋል። በግራ በኩል ያለው አረንጓዴ ግንብ አሥራ አንድ ሜትር ይረዝማል፤ ውጤቱ አሁንም በሰው እጅ ነው የሚለጠፈው። በ1999 እ.ኤ.አ. ባለቤቶቹ አፍርሰን በአዲስ እንተካው የሚል ዕቅድ አውጥተው ነበር። ደጋፊው ተነሣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጡት አዲሶቹ ባለቤቶች አላፈረሱትም፤ እያደሱ፣ ወንበር እየጨመሩ አቆዩት። ቡድኑ ሬድ ሶክስ ከ1918 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰማንያ ስድስት ዓመት ያለ ዋንጫ ሲኖር ሰዉ እዚያው ወንበር ላይ አባት ለልጅ እያወረሰ ጠበቀ።

«ልጄ ‹የአያቴ አገር ፌንዌይ› ብሎ ነው የሚጠራው፤ አሁን ዝግ ነው ልበለው?» አለኝ።

«አምጣው ግዴለም» አልኩት።

መጡ። ብሔራዊ ቡድኑ በዚያ ሰሞን አልጄሪያ፣ ቻን ላይ ነበር። በከተማው የሊግ ጨዋታ የለም። ጥምቀትን አከበርን። በማግሥቱ ሚካኤልን ሸኘን። ጥር 13 ቀን 2015፣ ቅዳሜ፣ ልክ ስልሳ አንደኛው ዓመት፣ ወደ ስታዲየም ተነሣን። ሌሎቹ ከአጎቴ ጋር በታክሲ ሄዱ። ያ በ1954 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው አጎቴ አሁን ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። ትልቁ ልጅ ግን፣ «ጋሼ፣ አያቶቼ በእግር ነው የሄዱት ብለኸኝ የለ? ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለኝ። እንግዲህ ተነሥ አልኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በየመንገዱ የነበረውን ነገር እነግረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ባቡሩን፣ ፎቁን፣ የበቆሎ ጠባሹን ያያል። መሿለኪያ ስንደርስ ከልማዴ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። የመኪና ጥሩምባ ብቻ ነው።

ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቷል። አጎቴ በከዘራው ተደግፎ ግንቡ ሥር ቆሟል። ልጁ ዙሪያውን አየና በሚሰባበር አማርኛው፣ «አባባ፣ እናንተ የት ተቀምጣችሁ ነው ያያችሁት?» አለው። እኔ ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ ማለት ነው።

አጎቴ ከዘራውን አንሥቶ መሬቱን አመለከተ። «እዚህ» አለ።

ሁላችንም ዞር አልን።

«አልገባንም እኮ። የአንድ ሰው ገንዘብ ነበር የያዝነው። እኔ ‹አንተ ግባ› አልኩት። እሱ ‹አንተ ግባ› አለኝ። ስንከራከር ጨዋታው ተጀመረ። ከዚያ ‹ሁለታችንም አንገባም› አለና እዚህ ቆምን። ሲያገቡብን ጸጥ ይላል። ስናገባ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ማን እንዳገባ ከሚወጣው ሰው ጠየቅን፤ የቀረውን በማግሥቱ ከሰው ሰማን። አባትህ ትረካውን ሲያሳምረው እኔም ተጨዋች የነበርኩ እየመሰለኝ መጣ።» ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በ1980 አንተን አስገብቶ ውጭ የቀረው ለዚህ ነው። ‹አንዱ ልጅ እንኳ ይግባ› ብሎኛል» አለ።

ምን እላለሁ? አባቴ ዋሽቶኛል ልበል? ጥር 13 ቀን 1954 ስታዲየም ነበርኩ የሚለውን የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ብንቆጥር ሦስት ስታዲየም ይሞላ ይሆናል። እኔ ግን ከገቡት ይልቅ የአባቴን ውጭ መቆም አመንኩት። ታሪክ የምንለው ነገር ግማሹ እንዲህ የመጣ ነው፤ ከግንብ ውጭ ቆሞ በሰማ ሰው በኩል። ለዚህም ነው ግንቡ ራሱ የሚያሳስበኝ። መታደስ አለበት፤ ወንበር ይግባለት፣ መብራት ይብራለት። ግን ካታንጋን «ዘርፍ ሐ»፣ ሚስማር ተራን «በር ቁጥር 7» ብለው እንዳይጽፉብን። ልጅ «የት ነበራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በከዘራ የሚያመለክቱት ቦታ ያስፈልጋል። ሊሎንግዌን በከዘራ ማመልከት አይቻልም።

ልጁ ከቦርሳው ደብተር አወጣ። የቤዝቦል ተመልካች ጨዋታውን በእጁ እየጻፈ የሚይዝበት ልማድ አለ፤ አባቱ አስተምሮታል። አጎቴን አጠገቡ አስቀምጦ ተራ በተራ ጠየቀው። የመጀመሪያው ምን ነበር? ቀጥሎስ? ከዚያስ? ታክሲ ውስጥ ስንገባ ደብተሩን አየሁት። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎታል። ከሥሩ በተጣመመ የአማርኛ ፊደል እንዲህ ይላል፤

«ዝምታ። ጩኸት። ዝምታ። ጩኸት። ጩኸት። ጩኸት።»

አራት ለሁለት። ትክክል ነው።